የሞለኪውሎችን ብዝኃነት በቲሹ ላይ ቦታ በቦታ እንዴት እንለካለን? ከአይጥ አንጎል ጋር ደረጃ በደረጃ

አንድ ቲሹ (ኅብረ ሕዋስ) ውስጥ ምን ምን ሞለኪውል እንዳለ መዘርዘር ዛሬ ብዙም አያስቸግርም። ቲሹው ይፈጫል፣ አርኤንኤው (ሴሉ ከሚሠራባቸው ጂኖች የሚገለበጠው መልእክት) ተጣርቶ ይወጣል፣ ማሽኑ ያነበዋል። ከተፈጨ በኋላ ግን «የትኛው የት ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

መርካቶ ያለውን ዕቃ ሁሉ በአንድ መዝገብ ጻፉት እንበል። ሸማው ስንት እንደሆነ፣ ያገለገለው ብረታ ብረት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሸማው ሸማ ተራ፣ ብረታ ብረቱ ምናለሽ ተራ መሰብሰቡን ግን መዝገቡ አይነግራችሁም። ያንኑ ዕቃ ለየሰፈሩ ሱቅ እኩል ብታከፋፍሉት እንኳ መዝገቡ ላይ አንድ ቁጥር አይቀየርም።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን ለይተን እንያዝ። አንደኛው፣ በአንድ ቦታ ላይ ስንት ዓይነት ሞለኪውል አለ? ሁለተኛው፣ ዓይነቶቹ በቲሹው ላይ እንዴት ተደርድረዋል? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አስልቶ «የቦታ ብዝኃነት ለካሁ» ይላል። ይህ መመሪያ ሁለቱንም ይለካል። ምሳሌያችን የአይጥ አንጎል ነው። ክፍሎቹ በደንብ የታወቁ ስለሆኑ፣ ያወጣነው ቁጥር ትርጉም ይኑረው አይኑረው ቶሎ ያሳብቅብናል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሦስት ነገር መኖር አለበት። «ዓይነት» የምትሉት ምንድን ነው? ጂን፣ ሊፒድ (የስብ ሞለኪውል)፣ ወይስ የሴል ዓይነት? «ቦታ» የምትሉትስ ስንት ማይክሮሜትር ነው? የምታወዳድሩት ደግሞ ምንን ከምን ጋር ነው?

የእኛ እንዲህ ይሁን፦ «በአይጥ አንጎል ቁራጭ ላይ የአርኤንኤ ስብጥር በ55 ማይክሮሜትር ነጥብ ደረጃ ምን ያህል ይለያያል? ስብጥሩ በድንገት የሚቀየርባቸው ድንበሮችስ የት ናቸው?» ይህን ሳይጽፉ ኮምፒውተር መክፈት ጊዜ ማባከን ነው።

ደረጃ 2፦ መሣሪያውን ከነድክመቱ ምረጡ

ለአርኤንኤ በሰፊው የሚሠራበት ቪዚየም ነው፤ አርኤንኤን ነጥብ በነጥብ የሚይዝ ስላይድ ነው። ሐሳቡን በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት የስዊድን ተመራማሪዎች ናቸው። ያኔ ነጥቦቹ 100 ማይክሮሜትር ስፋት ነበራቸው። በመጀመሪያው ቪዚየም ስላይድ ላይ 6.5 በ6.5 ሚሊሜትር የሆነው መስክ 4,992 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ 55 ማይክሮሜትር ስፋት አለው። ከአንዱ ነጥብ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 100 ማይክሮሜትር ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ መለያ ኮድ ስላለው፣ የተያዘው አርኤንኤ ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

አንድ ነጥብ ላይ ግን ከ1 እስከ 10 የሚሆኑ ሴሎች ሊያርፉ ይችላሉ። ስለዚህ «እዚህ ነጥብ ላይ ብዝኃነቱ ከፍተኛ ነው» ስትሉ፣ ምናልባት የተለያዩ ሴሎች ተጎራብተዋል ማለታችሁ ነው። አንድ ሴል በራሱ ብዙ ዓይነት አርኤንኤ አለው ማለት ላይሆን ይችላል።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። ሃርቫርድ ውስጥ ተሠርቶ በ2015 የታተመው መርፊሽ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ ይቆጥራል። የሚያየው ግን አስቀድማችሁ የመረጣችሁለትን ጂን ብቻ ነው። የዝርዝራችሁ ርዝመት የብዝኃነቱ ጣሪያ ይሆናል ማለት ነው።

ለሊፒድና ለሜታቦላይት (ሴሉ ምግብ ሲያብላላ ለሚፈጠሩ ትናንሽ ሞለኪውሎች) የሚሻለው ማልዲ ምስል ነው። በ1997 የሪቻርድ ካፕሪዮሊ ቡድን ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ሌዘር ቲሹውን ነጥብ በነጥብ እየመታ የሞለኪውሎቹን ክብደት ያነባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የማልዲ ቁጥር ቆጠራ አይደለም፣ የምልክት ጥንካሬ ነው። እንደ ፎስፋቲዲልኮሊን ያሉት ሊፒዶች በቀላሉ ቻርጅ ስለሚይዙ የሌሎቹን ምልክት ይጫናሉ። ስለዚህ አንድን ሞለኪውል ከቦታ ቦታ ማወዳደር ይቻላል። ሁለት የተለያዩ ሞለኪውሎችን «ይሄ ከዚያኛው ይበዛል» ብሎ ማወዳደር ግን አያስኬድም።

ደረጃ 3፦ ቲሹውን ጠብቁ

ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። በኋላ በስሌት አይመለስም።

አንጎሉ ከወጣ በኋላ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። በቀጥታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከተነከረ ዙሪያውን የጋዝ ሽፋን ይፈጠርና ቅዝቃዜው ይዘገያል፣ ቲሹውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ በናይትሮጅን ወይም በደረቅ በረዶ የቀዘቀዘ አይሶፔንቴን ይመረጣል። ከዚያ ኦሲቲ በሚባለው ማቀፊያ ተይዞ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል። ለማልዲ ከሆነ ኦሲቲ አትጠቀሙ። ውስጡ ያለው ፖሊመር ምልክቱን ያበላሸዋል። ጀላቲን ይሻላል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ከዳር ትንሽ ወስዳችሁ የአርኤንኤውን ጥራት አስለኩ። ሪን የሚባለው መለኪያ 7 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ክራዮስታት በሚባለው የቀዘቀዘ መቁረጫ 10 ማይክሮሜትር ውፍረት ይቆረጣል፣ ስላይዱ ላይ ያርፋል፣ በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን ቀለም ገብቶ ፎቶ ይነሳል። ፎቶውን በደንብ እዩት። የታጠፈ ወይም የተቀደደ ቦታ ካለ አሁኑኑ ምልክት አድርጉበት። የታጠፈ ቲሹ ሁለት ቦታ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሆነ በሐሰት ብዝኃ ይመስላል።

ቀጥሎ ሴሎቹ በኢንዛይም ይበሳሉ፣ አርኤንኤው ወደ ስላይዱ ይወርዳል። ጊዜው ካጠረ የሚያዘው ትንሽ ነው። ከረዘመ ደግሞ አርኤንኤው ወደ ጎን ይፈሳል። ለዚህ ነው ትክክለኛውን ደቂቃ ለማግኘት አስቀድሞ በሙከራ ስላይድ ላይ የሚሠራው። መፍሰሱን ለማየት ቲቲአር የሚባለውን ጂን ተከተሉ። የአንጎል ፈሳሽ የሚያመነጨው ኮሮይድ ፕሌክሰስ ይህን ጂን እጅግ በብዛት ያመርታል። በካርታው ላይ ቲቲአር ከኮሮይድ ፕሌክሰስ ወጥቶ ዙሪያውን እንደ ጭጋግ ከታየ አርኤንኤው ፈሷል። ያ ፍሰት የየነጥቡን ብዝኃነት ከፍ፣ በነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት ዝቅ ያደርጋል።

ደረጃ 4፦ ዳታውን ክፈቱና አጽዱ

ላብራቶሪ የሌላችሁ እዚህ ጀምሩ። የቪዚየም አምራች 10ኤክስ ጄኖሚክስ የጎልማሳ አይጥ አንጎል ዳታ በነፃ ለቋል። ቲሹው ያረፈባቸው ከ2,600 በላይ ነጥቦች አሉት። የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን፣ በእሱ ላይ የሚሠሩትን የትንተና ጥቅሎች ስካንፓይንና ስኩዊድፓይን ከጫናችሁ ደህና ላፕቶፕ ይበቃል።

ቲሹ ያላረፈባቸውን ነጥቦች አውጡ። ምልክት ያደረጋችሁባቸውን እጥፋቶችም አውጡ። ከ10 ነጥብ ባነሰ ቦታ የታዩ ጂኖችን ጣሉ። ከሚቶኮንድሪያ የሚመጡት ጂኖች ከጠቅላላው ቆጠራ ትልቅ ድርሻ ስለሚይዙ ስሌቱን ይጎትቱታል። ስሌቱን አንዴ ከነሱ ጋር፣ አንዴ ያለ እነሱ ሥሩት። ሁለቱ ካርታዎች የተለያየ ታሪክ ካወሩ ለአንባቢ ንገሩ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ብዝኃነትን ከጥሬው ቆጠራ ላይ አስሉ። ሎጋሪዝም ከተሠራበት ሠንጠረዥ ላይ ማስላት ብዙ ጊዜ የሚታይ ስህተት ነው። ሎጋሪዝም ብዙውን ከትንሹ ጋር ያቀራርበዋል፣ ሁሉም ነጥብ ብዝኃ ይመስላል።

ደረጃ 5፦ የንባቡን ብዛት እኩል አድርጉ

አንዱ ነጥብ 30,000 ሞለኪውል ተቆጥሮለት፣ ሌላው 4,000 ብቻ ቢቆጠርለት፣ ብርቅ የሆኑት ጂኖች የሚታዩት የመጀመሪያው ላይ ነው። በእውነት የተለያዩ ስለሆኑ ሳይሆን ብዙ ስለተቆጠረ ነው። ይህን ሳታስተካክሉ የሠራችሁት የብዝኃነት ካርታ የንባብ ብዛት ካርታ ነው።

መፍትሔው ከየነጥቡ እኩል ብዛት በዕጣ ማውጣት ነው። ለምሳሌ ከሁሉም 5,000። ስካንፓይ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ትዕዛዝ አለ። ዕጣው አንዴ ብቻ አይውጣ። ደጋግማችሁ አውጡና አማካዩን ውሰዱ።

ከ5,000 በታች ያላቸው ነጥቦች ይወድቃሉ። የወደቁትን በካርታ ላይ አስቀምጡና እዩ። እዚህም እዚያም ከተበተኑ ችግር የለም። ሁሉም ከአንድ አካባቢ ከሆኑ ግን፣ ለምሳሌ የሴል አካል ጥቂት ከሆነበት ከነጩ የአንጎል ክፍል፣ የጣላችሁት አንድ ሙሉ ሰፈር ነው። ያኔ ወለሉን ዝቅ አድርጉ።

ደረጃ 6፦ የየነጥቡን ብዝኃነት አስሉ

የሻነን መለኪያ በ1948 ክሎድ ሻነን ለመልእክት ማስተላለፊያ ሥራ ካወጣው ቀመር የመጣ ነው። የሲምፕሰን መለኪያ ደግሞ በ1949 ታተመ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ቁጥራቸው ግን በቀጥታ አይነበብም። እኔ የምመርጠው በ1973 እንግሊዛዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ማርክ ሂል ያቀረበውን አካሄድ ነው። መልሱ «ስንት እኩል የበዙ ዓይነቶች እንዳሉ ይቆጠራል?» የሚል ነውና ማንም ይረዳዋል።

በእጅ እንሥራው። አንድ ነጥብ ላይ አራት ጂኖች 25፣ 25፣ 25፣ 25 ተቆጥረዋል። ድርሻቸው እያንዳንዱ 0.25 ነው። እያንዳንዱን ድርሻ በራሱ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም አባዙ፣ ደምሩ፣ ምልክቱን ቀይሩ። 1.386 ይመጣል። ይህ ሻነን ነው። ኢ የሚባለውን ቁጥር በዚህ ስታነሡ 4 ታገኛላችሁ። አራት ዓይነት፣ ሁሉም እኩል።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ቆጠራው 85፣ 5፣ 5፣ 5 ነው። ሻነኑ 0.59 አካባቢ ይሆናል፣ የሂል ቁጥሩ 1.8። አራት ጂን ቢኖርም የሚገዛው አንዱ ስለሆነ ሁለት እንኳ አልሞላም። በሲምፕሰን መንገድ ከሄዳችሁ የድርሻዎቹ ካሬ ድምር 0.73 ነው። 1ን ለ0.73 ስታካፍሉ 1.37 ይመጣል። የሲምፕሰኑ መንገድ ብዙ ላሉት ጂኖች የበለጠ ክብደት ስለሚሰጥ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ብርቅ ጂኖች ያመለጡበትን ዳታም የተሻለ ይቋቋማል። ሁለቱንም አውጡ።

የአይጡ አንጎል ላይ ስትሠሩት ኮሮይድ ፕሌክሰስ ዝቅ ብሎ እንዲታይ ጠብቁ። ቲቲአር ይገዛዋልና። ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ነጩ ድልድይ፣ ኮርፐስ ካሎሰም፣ ላይም ኤምቢፒና ፒኤልፒ1 የመሳሰሉ የማየሊን (የነርቭ ክር ሽፋን) ጂኖች ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ።

ደረጃ 7፦ በነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት ለዩ

ሮበርት ዊታከር በ1960 ስለ ተራራ ዕፅዋት ሲጽፍ ብዝኃነትን በሦስት ከፈለው። አልፋ በአንድ ቦታ ያለው፣ ጋማ በጠቅላላው ያለው፣ ቤታ ደግሞ ጋማ ለአልፋ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለቲሹም ልክ ይሠራል።

ሁለት ነጥብ ያለው ቲሹ አስቡ። በመጀመሪያው ሁኔታ አንዱ ነጥብ ላይ ጂን ሀ ብቻ 100፣ ሌላው ላይ ጂን ለ ብቻ 100 አለ። አልፋ 1፣ ጋማ 2፣ ቤታ 2። በሁለተኛው ሁኔታ ሁለቱም ነጥቦች ላይ ሀ 50፣ ለ 50 አለ። አልፋ 2፣ ጋማ 2፣ ቤታ 1። ጋማ አልተንቀሳቀሰም። ቲሹውን ፈጭታችሁ ብትለኩት ኖሮ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው ትሉ ነበር።

አሁን ይህን በካርታ ላይ አንሸራትቱት። የቪዚየም ነጥቦች እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ስለሆኑ እያንዳንዱ ስድስት ጎረቤት አለው። አንድ ነጥብ ከነጎረቤቶቹ ሰባት ይሆናል። የሰባቱን ቆጠራ ደምራችሁ ጋማውን አስሉ። አልፋውን ለማግኘት የሰባቱን ሻነን አማካይ ወስዳችሁ ወደ ሂል ቁጥር መልሱት። ጋማን ለአልፋ አካፍሉና ውጤቱን መሃለኛው ነጥብ ላይ ጻፉት። ለሁሉም ነጥብ ድገሙት። ድንበሮች ከፍ ብለው ይወጣሉ፣ ለምሳሌ ኮርቴክስ (የአንጎሉ ውጫዊ ሽፋን) ከኮርፐስ ካሎሰም የሚገናኝበት መስመር።

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታይ ወጥመድ አለ። አንድ ነጥብ ላይ ብርቅ ጂኖች ያመልጣሉ፣ ሰባት ሲደመሩ ግን ይገኛሉ። ስለዚህ ፍጹም ወጥ የሆነ ቲሹ ላይ እንኳ ቤታ ከ1 ይበልጣል። ወለሉን ለማወቅ የሰባቱን ሞለኪውሎች አንድ ላይ ደባልቁ፣ በዕጣ ሰባት እኩል ክምር አድርጉ፣ ቤታውን እንደገና አስሉ። ከዚህ በላይ የሆነው ብቻ ነው እውነተኛ ልዩነት።

ደረጃ 8፦ አቀማመጡን በሞራን ፈትኑ

በ1950 አውስትራሊያዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ፓትሪክ ሞራን ያቀረበው መለኪያ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ጎረቤታሞች ይመሳሰላሉ ወይ?

ስድስት ነጥቦች በአንድ መስመር ተደርድረው የአንድ ጂን ቆጠራቸው 10፣ 10፣ 10፣ 0፣ 0፣ 0 ነው እንበል። አማካዩ 5 ስለሆነ ልዩነቶቹ ሲደመር 5 ወይም ሲቀነስ 5 ናቸው። አምስት የጎረቤት ጥንዶች አሉ። የእያንዳንዱን ጥንድ ልዩነት አባዙ። አራቱ ሲደመር 25፣ መሃል ያለው ሲቀነስ 25 ይሰጣሉ። ድምሩ 75 ነው። ጥንዶቹ ወዲያም ወዲህም ስለሚቆጠሩ 150። ይህን ለልዩነቶቹ ካሬ ድምር ለ150 ስታካፍሉ 1። በመጨረሻ በ6/10 አባዙ። ስድስቱ የነጥቦቹ ቁጥር፣ አሥሩ የጉርብትናው ቁጥር ነው። ሞራን 0.6 ሆነ።

አሁን ያንኑ ቁጥር 10፣ 0፣ 10፣ 0፣ 10፣ 0 አድርጋችሁ ደርድሩት። አምስቱም ጥንዶች ሲቀነስ 25 ይሆናሉ። ሞራን ከ0.6 ወደ ሲቀነስ 1 ወረደ። ሦስት አሥሮችና ሦስት ዜሮዎች ናቸው፣ ቦታቸው ብቻ ተለወጠ። ሻነን ሁለቱን ፈጽሞ አይለያቸውም።

ስኩዊድፓይ ውስጥ መጀመሪያ የጎረቤት መረብ ሥሩ፣ ስድስት ጎረቤት ብላችሁ። ከዚያ ሞራንን ሁለት ጊዜ አስሉ። አንዴ ለእያንዳንዱ ጂን፣ አንዴ በደረጃ 6 ላገኛችሁት የሂል ቁጥር። የጂኖቹን ስታሰሉ ግን ለንባብ ብዛት የተስተካከለውንና ሎጋሪዝም የተሠራበትን ሠንጠረዥ መጠቀም ይቻላል። ጥያቄው ሌላ ነውና።

ከዚያ የነጥቦቹን አድራሻ በዕጣ አደባልቁና 1,000 ጊዜ ድገሙት። የአልፋ አማካይ አይነቃነቅም። ሞራን ግን ወደ ዜሮ ጠጋ ይላል። ካልጠጋ የጎረቤት መረባችሁን መርምሩ። ብዙ ሺህ ጂን ስለምትፈትኑም አንዳንዱ በአጋጣሚ ብቻ ያልፋልና፣ ይህን የሚያርመውን የቤንጃሚኒና ሆችበርግን ማስተካከያ ተጠቀሙ። ደግሞም በፒ ዋጋ (ውጤቱ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድል) ብቻ አትደሰቱ። አንጎል ላይ በደንብ የሚታይ ጂን ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ፈተና ያልፋል። የሚነግራችሁ የሞራኑ መጠን ነው።

ደረጃ 9፦ መለኪያውን አስፉት

በአንድ የቦታ መጠን ብቻ የተገኘ ውጤት አያስተማምንም። በአንድ ቀለበት 7 ነጥብ ነበር፣ ስፋቱ 255 ማይክሮሜትር። በሁለት ቀለበት 19 ነጥብና 455 ማይክሮሜትር፣ በሦስት 37 ነጥብና 655 ማይክሮሜትር ይሆናል። ቤታን በሦስቱም አስሉና አወዳድሩ። መስኮቱ ሲሰፋ ብዙ ድንበር ስለሚያካትት ቤታ ያድጋል። የት ላይ ማደጉን እንደሚያቆም ማየት የአካባቢውን ስፋት ይጠቁማል። ወደ ታች መሄድ ግን አትችሉም። ቀጭን የሆነው የሂፖካምፐስ (ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) ነርቭ ሴሎች ሽፋን ስፋቱ ከአንድ ነጥብ ጋር ተቀራራቢ ነው። ነጥቡ ከጎረቤት ሽፋን ጋር ቀላቅሎ ነው የሚያነበው።

ዳር ላይ ያሉ ነጥቦች ስድስት ጎረቤት የላቸውም። ወይ አውጧቸው፣ ወይ ለብቻ ምልክት አድርጉባቸው።

ደረጃ 10፦ ስታወዳድሩ እንስሳ ቁጠሩ

የታመመና ጤነኛ አይጥ ብታወዳድሩ፣ የናሙናችሁ ቁጥር 2,600 ነጥብ አይደለም። የአይጦቹ ቁጥር ነው። ከአንድ አይጥ የመጡ ነጥቦች ጎረቤታሞች ናቸው፣ ራሳቸውን የቻሉ ምስክሮች አይደሉም። ከየአይጡ አንድ ማጠቃለያ ቁጥር አውጡ፣ ለምሳሌ የሂፖካምፐስ አማካይ ቤታ። ፈተናውን በነዚያ ቁጥሮች ላይ ሥሩ። ቁራጮቹም ከአንድ ዓይነት ጥልቀት የተቆረጡ ይሁኑ። አለበለዚያ በሽታ ያላችሁት የቁራጭ ቦታ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ስትጽፉት የነጥቡን ስፋት፣ ስንት ሞለኪውል በዕጣ እንዳወጣችሁ፣ የትኛውን የሂል ቁጥር እንደተጠቀማችሁ፣ የጎረቤት ቀለበቱን፣ የዕጣውን ድግግሞሽና የወደቁትን ነጥቦች ካርታ አብራችሁ አቅርቡ። ካርታዎቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የቀለም መለኪያው ለሁሉም አንድ ይሁን። ሶፍትዌሩ ዝም ካላችሁት ለእያንዳንዱ ካርታ የየራሱን መለኪያ ይሰጣል። ያኔ ምንም ልዩነት የሌላቸው ሁለት አንጎሎች የተለያዩ መስለው ይታያሉ።